ከቀዩ ብረት ቀጥሎ

ሰፈሩ «መቀስ» ነው የሚለኝ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ «ምላሷም ያው ነው» ለማለት ነው። ይበሉ፣ አፍ አላቸው። ግን «ወሬኛ ነሽ» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ወሬኛ የሰማውን ያወራል፤ እኔ ደግሞ ያልሰማሁትን እስክሰማ ነው የማላርፈው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። እና ከወጣትነቴ ጀምሮ ሰላም ከነሱኝ ነገሮች ዋናው፣ ጎረቤቴ ክሬን የዚያን ቀን ብረቱን አይታው ነበር ወይስ አላየችውም የሚለው ነው።

ክሬን ማለት ከስፌት ቤቴ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ሱቅ እንቁላል የምታከፋፍለው ሴት ናት። ከእኔ ታጥራለች፤ ትከሻዋ ግን ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ትከሻ ነው። በወጣትነቷ ክብደት አንሺ ነበረች፤ እንደ ማሽኑ ክሬን የተባለችውም ለዚያ ነው፤ ኦሎምፒክ ድረስ ሄዳለች። ከእኛ ሰፈር ኦሎምፒክ የሄደ ሌላ ሰው የለም፤ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ለመሄድ የሚያቃስት ሕዝብ ነው። የተዘጋጀ ልብስ ገዝታ አታውቅም። ትከሻው ልክ ከሆነ ወገቡ ድንኳን ይሆንባታል፤ ወገቡ ልክ ከሆነ እጇን ስታነሳ ብብቱ ይተረተራል። ስለዚህ መጀመሪያ እናቴ፣ ከዚያ እኔ ስንሰፋላት ኖረናል፤ የውድድር ልብሷን ሳይቀር።

ሰው ልብስ ሲለካ ይናገራል። እጁን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ስለሚቆም ይሁን እንጃ፣ ለሚስቱ የማይነግረውን ለሜትሬ ይነግረዋል። ማን እንደከሳ፣ ማን እንዳረገዘች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ክሬን ግን ስትለካ ዝም ነው። ግድግዳ የለካሁ እስኪመስለኝ ድረስ።

ያሳደጓት አጎቷ ናቸው፣ የእናቷ ወንድም። እናቷ ስትሞት ገና ዳዴ የምትል ልጅ ነበረች፤ እሳቸው ሚስት ሳያገቡ፣ ሳይወልዱ፣ እሷን ይዘው ቀሩ። እሷ «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ ሌላው ሁሉ «አሠልጣኝ» ይላቸዋል። እዩኝ እዩኝ የማይሉ፣ ቀጭን፣ ነፋስ የሚገፋቸው ሰው ናቸው። ሱሪያቸው ግን! የሱሪያቸው መስመር ሽንኩርት ይቆርጣል። ጠዋት ሳይተኩሱ ከቤት ወጥተው አያውቁም።

ለሚያሠለጥኗቸው ልጆች ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው «ብረት አይታይም፣ ይነሳል» የሚል ነው። ልጆቹ ወደ መድረክ ሲወጡ ዓይናቸውን ከእግራቸው ጣት እንዳያነሱ፣ ጫፍና ጫፍ የተደረደረውን እንዳያዩ፣ የተጻፈውን ቁጥር እንዳያነቡ ያደርጓቸዋል። ዓይን ከፈራ ጉልበትም ይፈራል ባይ ናቸው። ሁለተኛው «ብረት ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም» ነው፤ ይሄኛው የውድድሩም ሕግ ነው። ስምሽ ተጠርቶ ሰዓት መቁጠር ከጀመረ «ከብዶናልና ቀንሱልን» የለም። የተጫነውን ማንሳት ነው፣ ወይ ወደ ቤት።

ስለ ቀለሙም ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ኋላ ግራ ይገባችኋል። ዘንጉ ጫፍና ጫፍ ላይ የሚገቡት ክብ ብረቶች እንደ ክብደታቸው ቀለም አላቸው። ሃያ አምስት ኪሎው ቀይ፣ ሃያው ሰማያዊ፣ አሥራ አምስቱ ቢጫ። ክሬን በደህናዋ ጊዜ የምታነሳው በየጫፉ አንድ ቀይ፣ ከቀዩ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ ጥቃቅን ማሟያ ነበር። ከቀዩ ቀጥሎ ሰማያዊ ገብቶላት አያውቅም። ያን ያህል አንስታ አታውቅማ።

የኦሎምፒኩ ውድድር ቀን ሰፈሩ ሁሉ እናቴ ስፌት ቤት ተጠቅጥቆ ቴሌቪዥን ያይ ነበር፤ ግማሹ ያልተሰፋ የሰው ጨርቅ ላይ ተቀምጦ። ክሬን በሁለተኛው ሙከራ መቶ ሦስት ኪሎ አነሳችና ጮህን። ለሦስተኛውና ለመጨረሻው መቶ ስድስት ትሞክራለች ብለን ስንጠብቅ ቴሌቪዥኑ መቶ አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈ። አብሯት ይለማመድ የነበረው መካኒክ ራሱን ያዘ።

«አብደዋል!» አለ። «በልምምድ እንኳ ከመቶ አምስት አላለፈችም። አጎቷ ሊገድሏት ነው እንዴ?»

ክሬን ወጣች። እንደ ሕጉ አንገቷን ደፍታለች። እጇን ዱቄት ነክራ መድረኩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ አንዴ ወደኋላ ዞር አለች። ካሜራው ከጀርባዋ በኩል ነበርና ፊቷን አላየንም፤ እኔ ያየሁት የራሴን ስፌት ነው። ከዚያ ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ ጨበጠች። ብረቱ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ቁጢጥ አለችበት፤ አልነሳ አለች፣ አልነሳ አለች፣ ተነሳች! የጀርባዋ ስፌት ሲወጠር አየሁና «ያዝልኝ!» አልኩት ክሩን፣ ሰው እየሰማኝ። ወደ ላይ ስትወረውረው ግራ ክርኗ ተንቀጠቀጠ። ያዘችው። ሦስቱ ዳኞች ሦስት ነጭ መብራት አበሩ፤ ይሄ ማለት አንስታዋለች ማለት ነው።

አምስተኛ ወጣች። አምስተኛ ሜዳሊያ የለውም፤ ያንን ለሰፈሩ ማን ይንገረው! የአንድ ደንበኛ የሐር ጨርቅ በጭፈራው እግር ሥር ጠፋ።

ጋዜጠኛ ማይክ ሲደቅንባት ሳቀች። «እኔ መቶ ስድስት ነው የተባልኩት» አለች። «አሠልጣኜ ደብቀውኝ ነው። ባውቅማ መች እጠጋው ነበር!» በማግስቱ ጋዜጣው «ብልሁ አሠልጣኝ» ብሎ ጻፈ። የእሳቸው ዘዴ፣ የእሷ ጉልበት እየተባለ ተወራ። ከዚያ ወዲህ እሷ ያንን ክብደት ደግማ አላነሳችም፤ መቶ ሰባት ላይ ቆመች፣ በኋላም ትከሻዋን አሟት ተወችው። እሳቸው ደግሞ፣ ይሄ ነው የሚገርመው፣ ከዚያ ጉዞ እንደተመለሱ ማሠልጠን አቆሙ። «ጉልበቴን ያመኛል» አሉ። ስሙ በጋዜጣ በወጣ ማግስት ሥራ የሚተው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ከዚህ ነው የሚነሳው። እኔ የቀለም ሰው ነኝ። ጎንበስ ብሎ ዘንግ የጨበጠ ሰው በግራና በቀኙ ሰማያዊ ቆሞ ቢጫ ነው ብሎ ያስባል? ይሁን፣ አንገቷን ደፍታለች እንበል። ክሬን ግን ምን ዓይነት ሰው ናት? ሱቋ ገብታችሁ እዩ። አንዲት እንቁላል አምፖል ላይ ይዛ፣ አዙራ፣ ውስጧን ሳታይ ለሰው አትሸጥም። ደንበኛ «ኧረ ቶሎ በይ!» ቢላት «ያላየሁትን አልሰጥህም» ትላለች። እንቁላል ውስጥ የምታይ ሴት ከፊቷ የተገተረ ብረት አላየችም? ወግድልኝ!

ጠይቄያታለሁ። ስንት ጊዜ! አንድ ጊዜ «ዓይኔ ውስጥ ዱቄት ገብቶ ነበር» አለችኝ። ሌላ ጊዜ «አፍሽ ውስጥ ያለውን ስፒል ዋጪውና እነግርሻለሁ» አለች። ሌላ ጊዜ ዝም ብላ ሁለት እንቁላል በእጄ አስይዛ አስወጣችኝ። አንዱ ተሰብሮብኛል፣ ረስቼው አይደለም።

አሠልጣኝ የወደቁት ዝናብ ያረጠበው የደረጃ ንጣፍ ላይ ነው። የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ፤ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ከሆስፒታል ሲወጡ ወጣቷ ሐኪም ከክብደት ሚዛን ጋር አስተዋወቀቻቸው፤ ያው ሰው የሚወጣበት፣ ቁጥሩ ፊቱ ላይ የሚታይ ሚዛን ነው። በባለ አራት እግሩ ምርኩዝ ይዘው ይቆማሉ፤ ደህናው እግር ጣውላ ላይ፣ የታመመው ሚዛኑ ላይ። «ለጊዜው ከሃያ ኪሎ በላይ እንዳይጫንበት» ተባለ። እሳቸውም ልክ ሃያ ሲሆን ያቆማሉ። ጎበዝ ነበሩ። ኋላ ሐኪሟ የራጅ ፎቶውን አይታ «አጥንቱ ገጥሟል፤ አሁን ሙሉ ክብደትዎን ይጣሉበት፣ ይራመዱ» አለች። እሳቸው ግን ሃያ ላይ ተተከሉ። ክሬን ብትለምን፣ ሐኪሟ ብትቆጣ፣ «ሃያ ተብያለሁ፣ ሃያ ነው»። ቀስ በቀስ መቆሙንም እየተዉት አልጋው ላይ ዋሉ።

አንድ ቀን እንቁላል ልገዛ ስገባ ክሬን ከካርቶኖቹ መሀል ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ክሬን ስታለቅስ አይቼ አላውቅምና እጄን የማደርግበት ጠፋኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«ሐኪሟ 'በዚህ ወር ካልቆሙ በቃ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ አይነሱም' አለችኝ። አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ ደግሞ ሳንባውም አይቆይም አለች።»

«አንቺ ብትሸከሚያቸውስ? ምን ይከብዱሻል?»

«መሸከሙማ በአንድ እጄም እሸከማቸዋለሁ!» አለች በቁጣ። «እኔ ተሸክሜያቸው ምን ይረባል? እሳቸው ናቸው መቆም ያለባቸው። ይሄንን ማንሳት አልችልም፣ ገባሽ? አልችልም!»

ገባኝ።

በዚያው ሰሞን የአሠልጣኝን ፒጃማ ላጠብብ ወጣሁ፤ ከስተው ወገቡ ከላያቸው ላይ ይወርድ ነበር። ክፍላቸው ከሱቃችን በላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ናት፤ መጋረጃው የተሰቀለው ጀማሪ ልጆች ይለማመዱበት በነበረ የእንጨት ዘንግ ነው። ክሬን ሱቅ ነበረች። እኔም አፌን መያዝ አልችልምና ጠየቅኋቸው።

«አሠልጣኝ፣ 'ብረት ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም' ይሉ አልነበር? ምነው እርስዎ ሃያ ላይ ቀሩ?»

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ሜትሬ ወገባቸው ላይ እንዳለ፣ ተናገሩ። አልኳችሁ፣ ሰው ሲለካ ይናገራል።

«ብልሁ አሠልጣኝ ብለው የጻፉት ውሸት ነው» አሉ። «መቶ አሥራ ሁለት ብዬ ያስመዘገብኩት የሌሎቹን አሠልጣኞች ላደናግር ነበር። ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ ተራዋ ሳይደርስ ሄጄ ወደ መቶ ስድስት ላወርደው። ጉልበቷን እያሸሁላት ሳለሁ ከእሷ በፊት ከሚያነሱት አንዷ ወገቧን ይዟት ከውድድሩ ወጣች፤ ሌላዋም ሙከራዋን ተወችው። ሮጬ ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ስሟ ተጠርቷል፣ ሰዓቱ ጀምሯል። አይወርድም አሉኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ተመልሼ 'ተሳስቻለሁ፣ ይቅርብሽ' ማለት እችል ነበር። አፌ ግን 'መቶ ስድስት ነው፣ ሂጂ' አለ። ያሳደግኳትን ልጅ ሳታውቅ ሰደድኳት። ወገቧ ቢሰበርስ? ቢሰበርስ? ከዚያ ወዲህ በሰው ላይ አንድ ኪሎ ልጭን እጄ እምቢ አለኝ። ጉልበቴን አመመኝ ያልኩት ሰበብ ነው። አሁንም ቢሆን ሰው የማያውቀው ክብደት ላይ መውጣት የለበትም። ሃያውን አውቀዋለሁ፤ በቃኝ። ይሄን ለእሷ ብትነግሪያት አልምርሽም!»

ማልኩላቸው። እኔ፣ መቀስ፣ ማልኩ! ይሄን የሚያህል ነገር ሆድ ውስጥ ይዞ መዋል ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ክሬን «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ስትለኝ «ጨጓራዬ ነው» አልኳት።

ዘዴውን ያመጣችው ክሬን ናት። አሠልጣኝ ሚዛን ላይ ሲቆሙ በልማዳቸው ወደ ታች አያዩም፤ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው፣ ቁጥሩን የምታነብላቸው እሷ ናት። «አሥር ሲሆን ስድስት እላቸዋለሁ» አለችኝ። «ሠላሳ ሲሆን አሥራ አምስት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄድ የለ?» ችግሩ እንዴት ከአልጋ ይነሱ ነው። ለዚህ ደግሞ እኔ አለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገባሁ።

«አሠልጣኝ፣ አዲስ ሱሪ ልሰፋልዎት ነው። ይነሱ፣ ተኝቶ ሱሪ አይለካም።»

«አልጋ ላይ ሱሪ ልልበስ?»

«ታዲያ ሐኪሟ ጋ በፒጃማ ሊሄዱ? ያውም መቀስ ጎረቤትዎ ሆና? እኔን ለማሰደብ ነው?»

ትንሽ አጉረመረሙ። የዚያን ሱሪ መስመር ግን አውቀዋለሁ፤ ሰውየውን በየት በኩል እንደሚይዙት አውቃለሁ። «በይ ደግፊኝ» አሉ ክሬንን። «ቀስ በቀስ እንቁላል…» ስትል አላስጨረሷትም፤ «እንቁላሉ አልበቃሽ ብሎ ተረቱንም ልትሸጪልኝ ነው?»

ቆሙ። ደህናው እግር ጣውላው ላይ፣ የታመመው ሚዛኑ ላይ፣ እጃቸው ምርኩዙ ላይ። ክሬን እግራቸው ሥር ቁጢጥ ብላ ታነባለች፤ «አምስት፣ ጋሼ። ስምንት። አሥር።» እኔ ወገብ ለካሁ። «አንድ እጅዎን ይልቀቁልኝ» አልኩ፤ ለቀቁ። «ሌላኛውንም ለአንድ አፍታ።» ለቀቁ! ክሬን ከታች ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ያበራ ነበር።

«ስንት ነው?» አሉ አሠልጣኝ፣ ግድግዳውን እያዩ።

«አሥራ ስድስት፣ ጋሼ። ገና ነው።»

አሁን የምነግራችሁን ልብስ ሰፊ ብቻ ነው የሚሳሳተው። እኔ ልብስ ሰፊነት የተማርኩት እየለካሁ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ስጠራ እናቴ እየጻፈች ነው። እናቴ ካለፈች በኋላም ማንም ሳይጽፍ እጠራለሁ፤ ዓይኔ ያየውን ቁጥር አፌ ሳይጠይቀኝ ይጠራዋል። «ወገብ ሰባ አራት» አልኩ። «ዳሌ ሰማንያ ስምንት።» ለቁመት ሜትሬን ከወገባቸው ወደ ተረከዛቸው አወረድኩ፤ ተንበርክኬ ጫፉን ሳይ የሚዛኑ ቁጥር እዚያው አፍንጫዬ ሥር ተደቅኗል።

«ቁመት መቶ አንድ» አልኩ። «አርባ ሁለት!»

ወይኔ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ክሬን ባየችኝ አስተያየት መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«አርባ ሁለት ምኑ ነው?» አሉ አሠልጣኝ።

«ጭን» አልኩ።

«የእኔ ጭን የዶሮ ጭን አክሏል፤ አታላግጪብኝ።» ድምፃቸው ተቀየረ። «ሚዛኑ ነው። ሚዛኑ ነው አይደል? አንቺ ልጅ፣ ዋሽተሽኛል!»

«ጋሼ፣ ሐኪሟ እኮ…»

«ሐኪሟን ተያት! ሰውን ሳያውቅ ክብደት ላይ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? የማውቀው እኔ ነኝ! ዕድሜ ልኬን የበላኝ እኔን ነው!» እጃቸው ምርኩዙን ይፈልጋል። «አስተኙኝ። ዳግመኛ እዚህ ላይ አልወጣም። አስተኙኝ ብያለሁ!»

አለቀ አልኩ። ከዚህ በኋላ ማን ያስነሳቸዋል? በራሴ ምላስ ሰው አልጋ ላይ አስቀረሁ። ክሬን «የበላኝ» ያሉት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ፣ ግን ምያለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገረው ሞልቶኝ መናገር አቃተኝ።

ክሬን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። እጇን በታመመው እግራቸው ቁርጭምጭሚት ላይ አደረገች።

«ጋሼ» አለች። «ሰማያዊ ነበር።»

«ምኑ?»

«ከቀዩ ቀጥሎ። በሁለቱም በኩል ሰማያዊ ነበር። ቢጫ አልነበረም።»



«አይተሽዋል?» አሉ፣ በሹክሹክታ ያህል።

«አይቼዋለሁ። ሕግዎን የጣስኩት ያኔ አንድ ቀን ነው። ቀና ስል ሰማያዊ ነው። ተሳስተው ነው የጫኑት ብዬ ልነግርዎት ዞር ስል ፎጣዬን አፍዎ ላይ ይዘው ቆመዋል፤ ፊትዎ እንደ እጄ ዱቄት ነጭ ነበር። ምን እንደሆነ ባላውቅም የሆነ ነገር እንደተበላሸብዎት ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተመለስሽም? ለምን ነካሽው?»

«ከብረቱ ይልቅ የእርስዎ ፊት አስፈራኝ፣ ጋሼ። ካነሳሁት ምንም እንዳልተበላሸ ይሆናል ብዬ ነው።»

«እና ይሄን ሁሉ ዘመን…» አሉ።

«ጋዜጠኛው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? 'አሠልጣኜ ተሳስተው ነው' ልበል? ደብቀውኝ ነው አልኩ። ብልህ ናቸው ብለው ሲጽፉልዎት ደስ የሚልዎት መስሎኝ።»

«ደስ!» አሉ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፣ አልጠረጉትም። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሥራዬን የተውኩት በዚያ ነው። ሳታውቂ ገደል የሰደድኩሽ መስሎኝ ነው የተውኩት።»

«ጉልበትዎን አሞዎት አልነበር?» አለች ክሬን።

«የምን ጉልበት!»

እሷ እሳቸውን ለማስደሰት ደበቀች፤ እሳቸው እሷን ለመጠበቅ ደበቁ። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበሉ። እኔ ደግሞ ከሁለቱም አጠገብ ሜትር ይዤ! ተናደድኩም፣ አለቀስኩም፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ አደረግኩት። አሠልጣኝ እጃቸውን ክሬን ጭንቅላት ላይ አሳርፈው ቆሙ። ምርኩዙን ረስተውታል። ማናችንም አላስታወስናቸውም።

ከዚያ፣ እኔ ስንት ዓመት ሳውቃቸው አንድም ቀን ያላደረጉትን አደረጉ። አንገታቸውን ደፉና ሚዛኑን አዩት። አተኩረው፣ ዓይናቸውን እያጠበቡ።

«አርባ አምስት ነው» አሉ። «መቀስ፣ ቁጥር እንኳ ታሳስቺያለሽ።»

«ያኔ አርባ ሁለት ነበር!» አልኩ በለቅሶዬ መሀል።

«እንግዲያው ወደ ሃያ አይመለስም» አሉ። አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ምን ትነፋረቂያለሽ? ለኪ እንጂ!»

ለካሁ። ዓይኔን እንባ ጋርዶት የለካሁት ሱሪ ሁለት ጣት አጠረ፤ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶብኝ አያውቅም። እሳቸው ግን ያንኑ ሱሪ ተኩሰው፣ ካልሲያቸው እየታየ፣ ዱላ ይዘው ደረጃውን ወረዱ። አሁን ከሰዓት በኋላ እንቁላል ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አምፖሉ ሥር እንቁላል ያያሉ፤ ከክሬን ይብሳሉ፣ አንዱን ሁለት ጊዜ ያዞሩታል፣ ደንበኛው ይሰለፋል። ሱሪውን ልልቀቅልዎት፣ ጫፉ ላይ ትርፍ ጨርቅ አለ ብዬ ስንቴ ለመንኩ።

«ወደ ታች አይሄድም» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን ከእንቁላሉ ሳያነሱ።